የቁራ መልእክተኛ
(ስለ ደጋው ቁራ የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት)

የሚነበቡ ክፍሎች፤ ዘፍጥረት 8፥6–12፤ 1ኛ ነገሥት 17፥1–6፤ ኢዮብ 38፥41፤ መዝሙር 147፥9፤ ሉቃስ 12፥22–24።

ተልኮ ሳይመለስ የቀረውን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» ብሎ መጥራት በቋንቋችን የቆየ ልማድ ነው። ውኃ እንዲቀዳ ተልኮ በጨዋታ የዘገየውን ልጅ እናቱ በዚህ ስም ትቈጣዋለች፤ ከሩቅ አገር ዕቃ እንዲያመጣ ገንዘብ ተሰጥቶት የውኃ ሽታ ሆኖ የቀረውንም ሰው ላኪው በዚሁ ስም ያማዋል። አነጋገሩ የተወሰደው ጻድቁ ኖኅ ከመርከቡ መስኮት ከለቀቀው ቁራ ታሪክ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ስለዚህ ወፍ ነው። አስቀድመን ወፉን እንደ ተፈጠረ እናየዋለን፤ ቀጥለን መጽሐፍ ቅዱስ ስለ እርሱ የሚናገረውን እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ከቤቱ ርቆ በሥራና በስደት አገር ለሚኖር ሰው የሚሰጠውን ምክር እንፈልጋለን። ወደዚህ ጥናት የመራኝ ግን የአንዲት እናት ቃል ስለ ሆነ፣ ከእርሱ ልጀምር።

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በገዳሪፍ የሚኖሩትን ወገኖቻችንን ለመጠየቅ ከጎንደር ተነሥቼ ወደ ሱዳን ጠረፍ ስወርድ በጭልጋ አይከል አደርሁ። በማግስቱ ማለዳ አንዲት እናት ካደርሁበት ቤት ድረስ መጡ። ልጃቸው ከሦስት ዓመት በፊት ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ገዳሪፍ ወርዶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ገንዘብ ላከላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ፣ አየሁት የሚል ሰውም አልተገኘም። «ወንድሜ፣ ያ ልጅ የቁራ መልእክተኛ ሆነብኝ። ካገኙት በሕይወት መኖሩን ብቻ ይንገሩኝ» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ከቤቱ አጠገብ በነበረው ትልቅ ወይራ ላይ ሁለት ቁራዎች ተቀምጠው ይጮኹ ነበር። እናትየው ቀና ብለው አዩአቸውና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። እኔም የልጁን ስም በወረቀት ጽፌ መንገዴን ቀጠልሁ።

1ኛ፤ ወፉ እንዴት ያለ ነው?

በአይከል ወይራ ላይ የነበሩት፣ በደጋ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ መንቁረ ደንዳና የሆኑት ትልልቅ ጥቁር ቁራዎች ናቸው። የዚህ ወፍ ርዝመት ከመንቁሩ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ይበልጣል። መላ አካሉ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሲሆን፣ ከራሱ በስተኋላ ወደ ማጅራቱ የሚወርድ ንጹሕ ነጭ ምልክት አለበት። መንቁሩ ከራሱ ይረዝማል፤ ከላይ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ ከጎንና ከጎን የተጨመቀ፣ ጫፉም ነጣ ያለ ነው። ወንዱንና ሴቷን በመልክ ለመለየት አይቻልም።

የአእዋፍ ሊቃውንት ፍጥረታቱን በየወገናቸው ሲለዩ ቁራን ከዘማሪ አእዋፍ ወገን ይቈጥሩታል። ይህ ለሰሚው የሚያስገርም ነገር ነው፤ ምክንያቱ ግን እንደሚከተለው ነው። በዓለም ላይ ካሉት ወደ 11,000 ከሚጠጉት የአእዋፍ ዓይነቶች ከግማሽ የሚበልጡት፣ ሦስት ጣት ወደ ፊት አንድ ጣት ወደ ኋላ ሆኖ ቅርንጫፍ ለመጨበጥ የተሠራ እግር አላቸው። ከእነዚህም የሚበዙት ዘማሪዎች ይባላሉ። የድምፃቸው መሣሪያ እንደ ሰው በጉሮሮ ላይኛው ክፍል ሳይሆን፣ የአየር ቧንቧው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች በሚከፈልበት ቦታ ይገኛል፤ ብዙ ጥቃቅን ጡንቻዎችም ያዝዙታል። ይህ መሣሪያ በድንቢጥም አለ፤ በቁራም አለ። ስለዚህ የእኛ የደጋው ቁራ፣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከሚኖረው ትልቅ ቁራ ጋር፣ ከዘማሪ አእዋፍ ሁሉ የገዘፈ ነው።

ድምፁ ግን ጎርናናና እንደ ታፈነ ያለ ነው፤ ጣዕም አለው የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ሆኖም በዘማሪነት መቈጠሩ በድምፁ ጣዕም ሳይሆን ከፈጣሪ በተሰጠው መሣሪያ ነው። በየጉባኤያችን ድምፃቸው ሻካራ ስለ ሆነ ብቻ በመዝሙር ጊዜ አፋቸውን ዘግተው የሚቆሙ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ቢያስቡ መልካም ነው።

ወፉን በአውሮፓ ሊቃውንት መዝገብ ያስገባው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1820ዎቹ ዓመታት በኑብያና በኮርዶፋን ተጉዞ ነበር፤ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በምፅዋ በኩል ገብቶ ስሜንንና ጎንደርን ጐበኘ። የሰበሰባቸውንም እንስሳትና አእዋፍ ወደ ከተማው ቤተ መዘክር ወሰደ። የደጋውን ቁራ በ1836 (እ.ኤ.አ.) በላቲን ስም ሰየመው፤ ትርጓሜውም «ደንዳና መንቁር ያለው ቁራ» ማለት ነው። አባቶቻችን ግን ከዚያ ብዙ ዘመን በፊት ወፉን ያውቁት፣ በተረታቸውና በምሳሌያቸውም ይጠሩት ነበር።

2ኛ፤ መኖሪያው ደጋ ነው

ይህ ቁራ የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች ነው፤ በሌላው ዓለም ጎጆ ሠርቶ አይገኝም። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,400 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ፣ በጥድና በዝግባ፣ በኮሶና በወይራ ደን፣ በገደልና በግጦሽ መስክ ይኖራል። ደኑ በተመነጠረባቸው አውራጃዎች ደግሞ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ በተረፉት ዛፎች ላይ ይሰፍራል። በስሜን ተራራዎች የወጣ ሰው፣ ጭላዳ በሚግጥበት ገደል አፋፍ ላይ ሲያንዣብብ ያየዋል። በጎንደርና በአዲስ አበባም በቄራዎችና በልኳንዳ ቤቶች አጠገብ ይመላለሳል። ጎጆውን በእንጨት ጭራሮ በዛፍ ወይም በገደል ላይ ይሠራል። የቅርብ ዘመዱ፣ ነጭ ማጅራት ያለው ሌላው ቁራ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ተራራዎች ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይገኛል።

ከአይከል ወደ ታች የሚወርድ መንገደኛ ይህን ወሰን በዓይኑ ያየዋል። አይከል ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነች ብርዳም ከተማ ናት። መንገዱ እየወረደ ሲሄድ ጋቢ ይወልቃል፤ ባሕር ዛፍና ጥድ ይቀሩና ግራርና ሽመል፣ ቀጥሎም የዕጣን ዛፍ ይመጣል። ከዚያ ገንዳ ውኃና ኮኪት ታልፈው፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1889 (እ.ኤ.አ.) በመጋቢት ወር በውጊያ ወደ ቈሰሉባት ወደ መተማ ይደረሳል። በመተማ ዮሐንስና በጋላባት መካከል ያለው ወሰን አንዲት የወንዝ ፈፋና አንድ ድልድይ ብቻ ነው። ከጋላባት ወዲያ ምድሩ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው፤ ጥቁር መረሬ አፈር፣ ማሽላና ሰሊጥ እስከ ሰማይ ዳር ይታያል። ገዳሪፍ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል ብቻ ናት።

በዚያን ቀን ከመኪናው መስኮት ወደ ውጭ እየተመለከትሁ ቁራ እፈልግ ነበር። ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ያንን ትልቁን ወፍ እንደ ገና አላየሁትም። በቆላው ከተማ በቆሻሻ መጣያ ላይ የምናየው ደረቱ ነጭ የሆነው ሌላው፣ አነስ ያለው ቁራ ነው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ወደ ልቤ መጣ። የአገራችን ቁራ ከደጋው ወርዶ አልቀረም። ወርዶ የቀረው ሰው ነው፤ የስሙን ነቀፋ የተሸከመው ግን ወፉ ሆነ።

3ኛ፤ ምግቡን ከየት ያገኛል?

የደጋው ቁራ ምግብ አይመርጥም። ጥንብ ይበላል፤ በቄራ አጠገብ የተጣለ ሥጋ ይለቅማል፤ ከማሳም እህል ይቀምሳል። ከሁሉ ይልቅ የሚታወቅበት ሥራ ግን በግጦሽ ላይ የሚያደርገው ነው። ከብት የጣለውን ዕበት ባገኘ ጊዜ ያንን ወፍራም መንቁር ይሰድና፣ እንደ ማጭድ ግራና ቀኝ እያወናጨፈ ይበትነዋል፤ በውስጡም የተደበቁትን የጢንዚዛ ዕጮችና ትሎች አንድ በአንድ ለቅሞ ይበላል። እረኞች ሁሉ ይህን አይተዋል። ይህ ሥራ በእኛ ዓይን የተናቀ ነው፤ ነገር ግን ዕበቱ ተበትኖ ምድሩን ያለማል፤ ጥንቡም ተነሥቶ መንደሩ ይጸዳል።

እግዚአብሔር ለኢዮብ በተናገረው ቃል፣ ልጆቹ ምግብ አጥተው ወደ እርሱ በሚጮኹበት ጊዜ ለቁራ መብልን የሚያዘጋጅ ማን እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። መዝሙረኛውም የቁራን ጫጩቶች ስለሚመግበው ጌታ ያመሰግናል። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱ ስለ ነገ እንዳይጨነቁ ሲያስተምር፣ በሉቃስ ወንጌል እንደ ተጻፈው፣ ዓይናቸውን ወደ ቁራዎች መልሷል፤ አይዘሩም፣ አያጭዱም፣ ጎተራም የላቸውም፣ እግዚአብሔር ግን ይመግባቸዋል።

ልብ ብለን እንመልከት። ጌታ ርግብን ወይም ንስርን መጥቀስ ይችል ነበር። የጠቀሰው ግን በሙሴ ሕግ ከርኩሳን አእዋፍ ጋር የተቈጠረውን ወፍ ነው (ዘሌዋውያን 11፥15)። በርኩስነት የተቈጠረው ይህን ያህል የሚታሰብለት ከሆነ፣ በሰው አገር በሰው ማሳ ላይ ጐንበስ ብሎ የሚያጭድ የቀን ሠራተኛ እንዴት ይረሳል? ከዚህም ሌላ፣ የእግዚአብሔር መግቦት ሁልጊዜ በወርቅ ሳሕን እንደማይመጣ ከወፉ እንማራለን። ቁራው የሚመገበው እየፈለገና እየበተነ ነው። የተናቀ ሥራ የሚሠራ ሰው እግዚአብሔር ትቶኛል ብሎ ማሰብ አይገባውም።

4ኛ፤ የኖኅ ቁራና የኤልያስ ቁራዎች

አሁን ወደ ተረቱ እንመለስ። ቁራው ከመርከቡ ወጥቶ ቀረ የሚለው አሳብ መሠረት አለው፤ የግሪኩ ትርጕም፣ ውኃው እስኪደርቅ ድረስ አልተመለሰም በሚል ቃል ያነብበዋልና። የግዕዙ ብሉይ ኪዳንም ከግሪኩ የተተረጐመ ስለ ሆነ፣ አነጋገሩ በአገራችን ሥር ሰደደ። የዕብራይስጡ ንባብ ግን ሌላ ነው፤ ቁራው ውኃው ከምድር ላይ እስኪደርቅ ድረስ ሲወጣና ሲመለስ፣ ወዲያና ወዲህ ሲል እንደ ነበረ ይናገራል። በሁለቱም ንባብ ኖኅ ቁራውን እንደ ረገመው ወይም እንደ ተቈጣው የሚል ቃል አይገኝም። ጥንብ አግኝቶ እርሱን ሲበላ ቀረ የሚለውም የተራኪዎች ጭማሪ ነው እንጂ በመጽሐፉ አልተጻፈም።

ስለ ርግቢቱም የተጻፈውን በጥንቃቄ እናንብብ። እኛ ሁልጊዜ የምናስታውሰው የወይራውን ቅጠል ይዛ የመጣችበትን ቀን ነው። ነገር ግን ኖኅ ርግቢቱን ሦስት ጊዜ ልኳት ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ እግርዋን የምታሳርፍበት ቦታ አላገኘችምና ምንም ሳትይዝ ተመለሰች። ኖኅ በዚያ ጊዜ ያደረገው በቍጥር 9 ላይ ተጽፏል፤ እጁን ዘርግቶ ተቀበላትና ወደ መርከቡ አስገባት። በሁለተኛው ጊዜ ቅጠል ይዛ መጣች። በሦስተኛው ጊዜ ግን አልተመለሰችም፤ ባለመመለስዋም ማንም አይነቅፋትም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ታላቅ ነገር ይህ ነው፤ በመርከቡ መስኮት የተዘረጋው እጅ መጀመሪያ የተቀበለው ባዶ መንቁር ነው። ኖኅ፣ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብሎ በሩን አልዘጋም።

ሁለተኛውን ታሪክ ደግሞ እንጨምር። በንጉሡ በአክዓብ ዘመን ዝናብ በተከለከለ ጊዜ፣ ነቢዩ ኤልያስ ከዮርዳኖስ በስተምሥራቅ በኮራት ፈፋ ተሸሽጎ ሳለ፣ ቁራዎች ጧትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ነበር። በዮርዳኖስ ሸለቆና በሙት ባሕር ገደሎች ዛሬም ቁራዎች ይኖራሉ። ከእነርሱም አንዱ ጅራተ አጭሩ ቁራ ሲሆን፣ ይኸው ዓይነት በኢትዮጵያ ገደሎችና በምሥራቅ ሱዳን ተራራዎች ይገኛል። ደንዳና መንቁር ያለው የእኛ ቁራ በዚያ አገር የለም፤ ሆኖም ሁሉም የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። እንግዲህ መጽሐፉ የሚያውቀው የቁራ መልእክተኛ አንድ ብቻ አይደለም። ለስደተኛው ነቢይ በቀን ሁለት ጊዜ የሚመላለስ፣ የተላከበትን ሳያጐድል የሚያደርስ የቁራ መልእክተኛም አለ። ተረታችን አንዱን ይዞ ሌላውን ረስቷል።

5ኛ፤ በገዳሪፍ የሆነው ነገር

ገዳሪፍ በደረስሁ በሦስተኛው ቀን፣ የሰሊጥ አጫጆች በሚያድሩበት አንድ ግቢ ውስጥ ያን ልጅ አገኘሁት። ሞቶ ወይም ጠፍቶ አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት በካላዛር ታሞ ነበር። ይህ በሽታ በቆላው ግራር ሥርና በመረሬው አፈር ስንጥቅ ውስጥ በምትኖር ትንሽ የአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ያተኵሳል፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ካልታከመም ይገድላል። እርሱ ታክሞ ድኗል፤ ነገር ግን ሳይሠራ በተኛባቸው ወራት ዕዳ ገባ። ዕዳውን ሲከፍል ሌላው ወቅት አለፈ።

የእናቱን መልእክት ስነግረው ራሱን አቀርቅሮ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል? ሲሞላልኝ እደውላለሁ ስል ሁለት ዓመት አለፈ» አለኝ።

እኔ በዚያን ሰዓት ተቈጥቼው ነበር። እናቱ በማለዳ ያን ያህል መንገድ በእግራቸው መምጣታቸው ትዝ ስላለኝ፣ ጠንከር ያለ ቃል ተናገርሁት። በማታው በዚያው ግቢ ጥቂት ሠራተኞች ተሰብስበው ጥናት እንድናደርግ በጠየቁ ጊዜ፣ ከላይ የጻፍሁትን የኖኅን ታሪክ አነበብንላቸው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ ርግቢቱ ባዶ መመለስ እኔ ራሴ አስቤ አላውቅም ነበር። ቍጥር 9 ሲነበብ ልጁ ከኋላ ተቀምጦ፣ «እንደ ገና ይነበብልን» አለ። እንደ ገና አነበብነው። «እንግዲያው ያን ጊዜ ምንም አልያዘችም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። «አዎን፣ ምንም አልያዘችም» አልሁት። ለእርሱ ያስፈልግ የነበረው ቃል ይህ እንጂ የእኔ ቍጣ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከጥናቱ በኋላ በአንድ ወንድም ስልክ ወደ አይከል ተደወለ። እናትየው ድምፁን ሲሰሙ ለጥቂት ጊዜ መናገር አልቻሉም። ከዚያ በኋላ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «በላህ?» አሉት። ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አላነሡም።

ውድ አንባቢ፣ በስደት ያለ ሰው የሚፈራው ነገርና በቤት ያለ ሰው የሚናፍቀው ነገር ብዙ ጊዜ አይገናኙም። በውጭ ያለው ባዶ እጁን ይፈራል፤ በቤት ያለው ድምፅ ይናፍቃል። ብዙ ወጣቶች የቁራ መልእክተኛ የሆኑት ልባቸው ስለ ጨከነ አይደለም፤ ኀፍረት አፋቸውን ስለ ዘጋው ነው። ዝምታው በረዘመ ቍጥርም ኀፍረቱ ይከብዳል፤ ኀፍረቱ በከበደ ቍጥርም ዝምታው ይረዝማል።

ለቤተ ሰብም የሚነገር ቃል አለ። ከሩቅ አገር በተደወለ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄያችን፣ «መቼ ትልካለህ?» የሚል ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ዝምታ በር የምንከፍተው እኛ ነን። ኖኅ እጁን እንደ ዘረጋ መዘርጋት የሚገባው በቤት የቀረው ነው። አገልጋዮችም ብንሆን እንደ እኔ ቍጣን አናስቀድም።

ይህ ትምህርት ከዚያ ዓመት ወዲህ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ብዙ አሥር ሺህ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ፤ በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎችም ሰፈሩ። ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜም ወገኖቻችንን ያስጠጋ ስፍራ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ጦርነት ተጀመረና፣ ሱዳናውያንም በዚያ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም በዚያው በመተማ ድልድይ ወደ እኛ ተሻገሩ። አንዱ መንገድ ወዲያም ወዲህም የሚሸሹትን አመላለሰ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙዎች ንብረታቸውን ትተው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ወደ ቤታቸው ሲደርሱ የሚዘረጋላቸው እጅ ነው ወይስ ዓይኑን ወደ ሻንጣቸው የሚያሳርፍ ዘመድ? ይህ የእያንዳንዳችን ጥያቄ ነው።

ያ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ ወር፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ወደ አይከል ወጥቶ እናቱን አይቷል። ይዞ የመጣው አንድ ኪሎ ሰሊጥና ለእናቱ አንድ ነጠላ ጫማ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሥራ እንደ ገና ወርዷል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ባለፈው ጊዜ በዚያ በኩል ሳልፍ እናትየውን ጠየቅኋቸው። ቁራዎቹ አሁንም በዚያው ወይራ ላይ አሉ። «እንግዲህ እነርሱን አላማቸውም» አሉኝ።

ለጥናት የሚረዱ ጥያቄዎች

1ኛ፤ ዘፍጥረት 8፥6–12ን አንብቡ። ስለ ቁራው በእርግጥ የተጻፈው ምንድር ነው? ከተረት ሰምተን የጨመርነውስ የትኛው ነው?

2ኛ፤ ርግቢቱ በመጀመሪያ በተመለሰች ጊዜ ምን ይዛ ነበር? ኖኅስ እንዴት ተቀበላት?

3ኛ፤ በሙሴ ሕግ በርኩስነት የተቈጠረውን ወፍ እግዚአብሔር ነቢዩን እንዲመግብ መላኩ ስለ ራሳችንና ስለምንንቃቸው ሰዎች ምን ያስተምረናል?

4ኛ፤ ከቤታችን ርቀን ሳለ እንዳንጽፍና እንዳንደውል የሚከለክለን ነገር ምንድር ነው?

5ኛ፤ ከጉባኤያችን ወይም ከቤተ ሰባችን ወጥቶ ድምፁ የጠፋ ማን አለ? በዚህ ሳምንት ማን ይጠይቀው? በመጀመሪያስ ምን ብሎ ይጠይቀው?